የድሃው ላም

የላሊበላን ንቦች የማያውቅ የለም። ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ እናቱም ልጇ ለንግሥና መጠራቱን በዚያ አወቀች እየተባለ ገና በልጅነታችን ተነግሮናል። ስለ ላሟ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። በቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ገድል የተጻፈች፣ የአንድ ድሃ ገበሬ ላም ናት። ስለ ጥሪና ራስን ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት በተነሣ ቁጥር እኔ ንቦቹን ትቼ ወደ እርሷ እሄዳለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዙፋን መውረድ ነው። በላስታ ወንድሙ ሐርቤይ በነገሠበት ዘመን ላሊበላ ተሰዷል። መርዝ በመጠጡ ተጨምሮበት ቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሲሞት፣ «እርሱ ስለ እኔ ሞቶ እኔ እንዴት እተርፋለሁ?» በሚል ስሜት የቀረውን ራሱ እንደ ጠጣ ይተረካል። ከዚያ በኋላ በረሃ ወረደ፣ ምናኔንም ወደደ። በመጨረሻ ሐርቤይ አምላኩ የሚለውን ሰምቶ ወንድሙን ፈልጎ አስመጣና ዘውዱን በገዛ እጁ ጫነለት። ስብከታችን ሁልጊዜ ዘውዱን ስለ ተቀበለው ነው፤ ለሰጠው ሐርቤይ ያን ያህል ቦታ ሲሰጠው አልሰማሁም።

ላሊበላ ነገሠ፣ ከተማውን ሮሐን ከአለት በተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አስጌጣት። ዘመኑ ሳላዲን እ.ኤ.አ. በ1187 ኢየሩሳሌምን የያዘበት ነው፤ ተሳላሚው ሩቅ አገር ሳይሄድ በላስታ ዮርዳኖስን፣ ደብረ ዘይትንና ጎልጎታን ያገኝ ዘንድ ስሞቹ ወደዚህ መጡ። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ቆመዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ብዙዎቻችን የማንናገረው። ንግሥት መስቀል ክብራ ባሏን መከረችው፤ ዙፋኑን ልቀቅና ለወንድምህ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ስጠው አለችው። ላሊበላም ለቀቀ። ነአኩቶ ለአብ የሐርቤይ ልጅ ነውና፣ አባት ለወንድሙ የተወው ዘውድ በወንድም እጅ ለልጁ ተመለሰ ማለት ነው። ንጉሡም በበረሃ የተመኘውን የጸሎት ኑሮ አገኘ። ገድል ጸሐፊ ቢፈልግ ኖሮ እዚህ ላይ አሜን ብሎ ብራናውን ያጥፍ ነበር፤ ራስን ለአምላክ ከመስጠት ከዚህ የተሻለ ምን ማሳያ አለ?

18 ወር አለፈ። የአዲሱ ንጉሥ ጭፍሮች ለንጉሡ ማዕድ የሚሆን ከብት ፍለጋ ወጥተው የአንድ ድሃ ገበሬን ብቸኛ ላም ነድተው ወሰዱ።

ላስታን ያላየ ሰው «አንዲት ላም ምን ትጎዳለች?» ይል ይሆናል። እዚያ ተዳፋት ላይ ግን ላም ማለት የሕፃን ወተት ናት። እንጨት በሌለበት ኩበቷ ምድጃ ያነዳል። ከሁሉ በላይ ነገ በሬ የሚሆነውን ጥጃ የምትወልደው እርሷ ናት፤ አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል፣ በሬም ላምም የሌለው ግን ከማን ጋር ይቀናጃል? የንጉሡ ግብር በአንድ ቀን የበላው የዚያን ቤት የብዙ ዓመት ማረሻ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ነቢዩ ናታንን ማስታወሱ አይቀርም። ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ እንግዳ ሲመጣበት የድሃውን አንዲት በግ እንዳረደ ለዳዊት ሲነግረው፣ ዳዊት ሰውየው ራሱ መሆኑን ሳያውቅ ተቆጣ። የገድሉ ጸሐፊም ያን ታሪክ በልቡ ይዞ የጻፈ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ዳዊት የወቀሳው ባለቤት ነበረ፤ ላሊበላ ግን ላሟን አልበላም፣ አላዘዘም፣ ዙፋን ላይም አልነበረም። «ጉዳዩ የወንድሜ ልጅ ነው፣ እኔ መንኛለሁ» ብሎ ወደ ጸሎቱ ቢመለስ ማንም አይወቅሰውም ነበር።

መስቀል ክብራ ግን ዝም አላለችም። ዙፋኑን ልቀቅ ያለችው እርሷ፣ አሁን ተመልሰህ ያዘው አለችው። ላሊበላም ተመለሰ።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። መልቀቅ ከባድ ነው እንላለን፤ መልቀቅ ግን ሰው የሚያመሰግነው ሥራ ነው፣ ቅዱስ ያስብላል። ከለቀቁ በኋላ መመለስ ሐሜት ያመጣል፦ «ሥልጣን ናፈቀው» ይባላል። ላሊበላ መጀመሪያ ለእግዚአብሔር የሰጠው ዘውዱን ነበር፤ ላሟ በተወሰደች ጊዜ የተጠየቀው ምናኔውን ነው፣ ከዘውድ ይልቅ የሚወደውን። ዛሬም «ጥሪዬ ገዳም ነው» ብሎ ያረጁ እናቱን ያለ ጧሪ ትቶ የሚነሣ ወጣት አለ፤ ጥሪው እውነት ሊሆን ይችላል፣ የእናቱ የውኃ እንስራም ግን ጥሪ ነው። ከሁለቱ የትኛው የራሱ ምኞት እንደሆነ መለየት የሚችለው በጸጥታ ሲመረምር ብቻ ነው፤ አንዳንዴም እንደ መስቀል ክብራ ያለ ሰው በአጠገቡ ሲኖር።

ሐሜቱ ደግሞ እውነትም አልቀረም። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ነገሩ በፍቅር ያለቀ መሆኑን ይጠራጠራሉ፤ ከትውፊቱ ጀርባ የሥልጣን ሽኩቻ ሳይኖር አይቀርም ባይ ናቸው። ሊሆን ይችላል፤ ነገሥታት ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሽኩቻም ቢኖር፣ የላስታ ሰው ዙፋኑ ከእጅ ወደ እጅ የተመለሰበትን ምክንያት ሲያስታውስ ጦርም፣ የዘር ሐረግም አላነሣም። ላም አነሣ። አንድ ሕዝብ ከንጉሡ ምን እንደሚጠብቅ ከዚህ በላይ የሚናገር ሰነድ አላውቅም።

ነአኩቶ ለአብስ? ቤተ ክርስቲያን በጭፍሮቹ ጥፋት ስሙን አልፋቀችም፤ እርሱንም ቅዱስ ብላ ኅዳር 3 ታስበዋለች። የስሙ ትርጉም አብን እናመሰግነዋለን ማለት ነው። አባቱ ከዙፋን ወርዶ ነበር፣ እርሱም ወረደ፤ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። በትውፊቱ ዙፋኑ ኋላ እንደገና ደርሶታል፤ ሕዝቡ የሚያስታውሰው ግን በይበልጥ የጸለየበትን ዋሻ ነው።

ዋሻው ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በተንጠለጠለው አለት ሥር ተሠርቷል። ከአለቱ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ የተቀመጡ የድንጋይ ገበታዎች ይቀበሉታል፣ ካህናቱም ለተሳላሚው ጸበል ብለው ይሰጡታል። ንጉሡ የክርስቶስን ሕማም እያሰበ ያለቀሰው ዕንባ ነው፣ አለቱ ስለ እርሱ ያለቅሳል ይላሉ ያገሩ ሰዎች። ጸበሉን ጠጥቶ ወደ ደጁ የወጣ ሰው ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ ሲመልስ፣ እረኛ ልጆች ላሞቻቸውን በእርከኑ ጠርዝ ላይ እየነዱ ሲያልፉ ያያል።