የጓሳ ሣር የማን ነው?

በመንዝ ደጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋው የጓሳ መስክ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከሰውና ከከብት ጋር ይኖራሉ። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድም ይገመድበታል። መስኩን ለዘመናት የገዛው፣ ቄሮ የተባለው የአካባቢው ሥርዓት ለዓመታት ይዘጋው፣ በበጋ ይከፍተው ነበር። ተጠቃሚነቱ በአጽመ ርስት፣ ማለትም ከአቅኚ አባቶች በሚቆጠር ትውልድ የተወሰነ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም በታቦትና በግዝት አጸናችው። ገደቡን የጣሰ ሰው የጎረቤቱን ቁጣ ብቻ ሳይሆን የነፍሱን ዕዳ ይፈራ ነበር።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ አለ፤ በግዝት የተጠበቀ ሣር በፍትሕ ተጠበቀ ይባላል? የዘር ሐረጉን መቁጠር ያልቻለ ድሃ ከዳር ሆኖ ያይ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህን በደል ፈታ፤ ግን ጠባቂውን ሥርዓትም አብሮ አነሣ። ቀድሞ የተከለከለው ገባ፣ የቀድሞው ባለመብትም ሌላው ሳይቀድመው ብሎ ማጨዱን ተያያዘው። ሁለቱም በራሳቸው መንገድ ትክክል ነበሩ፤ ሣሩ ግን ለሁለቱም አልበቃም።

ፍጥረት የእግዚአብሔር ነው፣ ሰው አደራ ጠባቂ ነው የሚለው ትምህርት ክርክሩን ብቻውን አይዘጋውም፤ አደራውን ማን ተቀበለ የሚለው ይቀራልና። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ነው፤ ማን መቼ እንደሚያጭድ የሚወስነውም የአካባቢው ቀበሌዎች የጋራ መተዳደሪያ ደንብ እንጂ የዘር ቆጠራ አይደለም።