የደሴቶቹ ቆጠራ

ባሕር ዳር ላይ አንድ መምህር ተማሪዎቻቸውን በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ መጻፍ ያስተምሩ ነበር አሉ። የቤት ሥራው አጭር ነው፦ ስለ ጣና ጻፉ።

አንዱ ገባና «37 ደሴቶች አሉት» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛዋ መጽሐፍ አገላብጣ ኖሮ 37ን አጥፍታ 21 አደረገችው። ሦስተኛው «የአገሬው ሰው የሚለው 45 ነው» ብሎ 21ን ደመሰሰ። አራተኛው መጣ፤ «45 ተረት ነው» አለና 11 ላይ አቆመው። ጣና ደሴት ሲጨመርለትና ሲቀነስለት ዋለ።

መምህሩ አልተቆጡም። በማግስቱ ልጆቹን ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። አንድ ሽማግሌ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ።

«አባባ፣ ጣና ስንት ደሴት አለው?»

ሽማግሌው እጃቸውን ከሥራው ሳያነሱ፣ «በየትኛው ወር?» አሉ።

ልጆቹ ዝም።

«ክረምት የዋጠውን በጋ ይተፋዋል። ደግሞስ ሰው ያለበትን ነው፣ ገዳም ያለበትን? ወይስ ወፍ የሚያርፍበትን ድንጋይ ሁሉ?»

ከሰዓት በኋላ 21 ብላ የነበረችው ልጅ የገጹን ታሪክ ከፈተች። የተደመሰሰው ሁሉ ከነደምሳሹ ስምና ሰዓት ተሰልፏል። አንድ በአንድ እያነሳች ለየቁጥሩ ባለቤቱን ጻፈችለት። 21 ያለው በ17ኛው መቶ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ነው። 45 ያለው የአገሬው ሰው ነው፤ ያውም ሰው የሚኖርባቸውን ብቻ፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን እንደሰማው። 11 የብሩስ የራሱ ግምት ነው። 37ቱን የለየው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አንድ የጂኦግራፊ ባለሙያ ሲሆን፣ 19ኙ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው ወይም የነበረባቸው ናቸው ብሏል።

የሽማግሌውንም ቃል ጨመረች። ወዲያው ግን ምንጭ የሚገባበት ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ ውክፔዲያ የታተመ ምንጭ ይጠይቃል። የእሳቸውን ቃል ራሷ አወጣችው። ከዚያ ደብተሯን አንስታ ወደ ሐይቁ ዳር ተመለሰች።

ብሩስ 45ቱን አላመነም። ያላመነውን ቁጥር ግን አላጠፋውም፤ ከራሱ ግምት ጋር ጽፎ አስቀመጠው። አራተኛው ልጅ 11ን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነበር፤ ግምቱን ወሰደ፣ የአገሬውን ቆጠራ ትቶ ሄደ። ያኔ የጣና ሰው ስንት ይል እንደነበር ለማወቅ ዛሬ የአንድ ስኮትላንዳዊ መጽሐፍ እንገልጣለን፤ ይህ ያንገበግበኛል። ታንኳ ሠሪዎቹ ግን አሁንም አሉ፤ ደሴቶቹን በየወሩ ያውቋቸዋል። ቃላቸውን ከነስማቸውና ከነቀኑ የሚጽፍ ተማሪ፣ የተጻፈውን መርምሮ የሚያትም መጽሔት ቢገኝ፣ ውክፔዲያ የሚጠይቀው ምንጭ ከዚሁ ከሐይቁ ዳር ይወጣል።