ሥራ ላይ ያልዋለ ችሎታ አለ ይባላልን?

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የገጠር ቀበሌዎች ሶላር፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪና የስልክ ቻርጀር እየተለመዱ በመምጣታቸው፣ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የታተሙት ቁጥሮች ፈላስፎችን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ እርሱም ሥራ ላይ ያልዋለ ችሎታ በእውነት አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ጥያቄው የሚነሣው ሦስቱ መለኪያዎች፣ ቮልት፣ አምፒርና ዋት፣ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ባለመሆናቸው ነው። ቮልት በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ኤሌክትሪክን የሚገፋ ልዩነት፣ አምፒር በሽቦው ውስጥ በየሴኮንዱ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን ይለካሉ፤ ዋት ደግሞ የሁለቱ ብዜት ሲሆን ሥራው የሚከናወንበትን ፍጥነት ያመለክታል። «12 ቮልት፣ 5 አምፒር» የተባለ አዳፕተር 12 ቮልት ያህሉን ሳያቋርጥ ያቀርባል፤ 5 አምፒር የተባለው ግን ሳይጎዳ ሊሰጥ የሚችለው የመጨረሻው መጠን እንጂ ዘወትር የሚሰጠው አይደለም። ስለዚህ ባለ 6 ዋት አምፖል ቢሰካበት የሚያልፈው ግማሽ አምፒር ብቻ ነው፤ አዳፕተሩ እስከ 60 ዋት መስጠት ቢችልም፣ ያልተጠየቀው 54 ዋት አንድም ቦታ አልተከማቸም፣ አልባከነምም።

የጥንቷ ግሪክ የሜጋራ ፈላስፎች ቢጠየቁ ይህ 54 ዋት የለም ባሉ ነበር፤ በእነርሱ ትምህርት ችሎታ የሚኖረው በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ ነውና። አሪስቶትል ግን በሜታፊዚክስ 9ኛ መጽሐፉ፣ ይህ አሳብ ግንበኛ ሥራ ባቆመ ቁጥር ሙያውን ያጣል ወደሚል ስሕተት ያደርሳል ሲል ተቃውሟል። የድጓ (የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ምስክር በሚሰጥባት በጋይንቷ ቤተ ልሔምም ነገሩ ግልጽ ነው፤ መምህሩ ዝም ባለበት ሰዓት ዜማው ከእርሱ አይለይም፣ ተማሪው ሲቀርብም የሚቀበለው የመምህሩን ዕውቀት ሁሉ ሳይሆን በደረሰበት ልክ ነው።

ይሁን እንጂ ችሎታ ተቀባይን ሳይጠብቅ በግፊት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። 12 ቮልት ላይ 6 ዋት የሚወስደው ዕቃ 24 ኦም ተቃውሞ አለው፤ ተቃውሞ ማለት የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ባሕርይ ነው። ይህ ሳይለወጥ 24 ቮልት ቢሰጠው ፍሰቱ 1 አምፒር፣ የሚወስደውም 24 ዋት ይሆናል፤ ቮልቱ እጥፍ ቢሆን ዋቱ አራት እጥፍ ያድጋልና ዕቃው ይቃጠላል። ከዚህ የሚገኘው ፍርድ፣ የአምፒር ትርፍ በዝምታ የሚቆይ ችሎታ በመሆኑ የተሰካውን ዕቃ አይጎዳም፣ የቮልት ትርፍ ግን የተቀባዩን ዓቅም የማያይ ግፊት በመሆኑ ያጠፋል የሚል ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለው የመክሊት ምሳሌም ስጦታን ከተቀባዩ ዓቅም ጋር ያያይዘዋል፤ ነገር ግን መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ተፈርዶበታል፤ ምክንያቱም ሰው እንደ አዳፕተር እስኪጠየቅ ብቻ የሚጠብቅ ሳይሆን ስለ ያዘው ነገር ተጠያቂ የሆነ ፍጡር ነው። እንግዲህ ሥራ ላይ ያልዋለ ችሎታ በእርግጥ አለ፤ በግዑዝ ዕቃ ላይ መገኘቱ ደኅንነት ሲሆን፣ በሰው ላይ ግን የሚያስጠይቅ ዕዳ ነው።