ከቀለሙ ሥር ያለው እንጨት

መሸፈን ሁሉ ማታለል ነውን? ጥያቄው ለሥነ ምግባር ሊቃውንት ብቻ የተተወ ይምሰል እንጂ፣ በእንጨት ሠሪው የሥራ ቤት ዕለት በዕለት መልስ የሚሰጥበት ጉዳይ ነው።

ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መደረብ ሲታሰብ፣ አዋቂው አናጢ አስቀድሞ የዘይቱን ዓይነት ይጠይቃል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ እንደ አየሩ ጠባይ ቀናት ወይም ሳምንታት ከተሰጠው በኋላ ቫርኒሹን አጥብቆ ይይዛል። ምስጥን ለመከላከል በምሰሶና በአጥር እንጨት ላይ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ዓመት ቢቆይም አይጠጥርም። ላዩ በብርጭቆ ወረቀት ቢፋቅ እንኳ፣ ወደ ውስጥ የሰረገው ቀለሙን ከእንጨቱ ያለያየዋል።

ይሁን እንጂ ችግሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ባልጠጠረ ዘይት ላይ የተቀባ ቀለም በርክክቡ ዕለት ከደህናው ሥራ በዓይን አይለይም፤ ያብረቀርቃል፣ ያስመሰግናልም። መሸብሸቡና መላጡ የሚመጣው ዋጋው ከተከፈለና አናጢው ከተሰናበተ በኋላ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ምስክሩ ጊዜ ነው። ታዲያ አናጢው የዋሸው በየትኛው ቃሉ ነው? በአንደበቱ ሐሰት አልተናገረም። ሆኖም ቀለም መቀባት በራሱ «ከሥር ያለው ተዘጋጅቷል» ብሎ መመስከር ስለሆነ፣ አንደበቱ ዝም ሲል እጁ በሐሰት መስክሯል።

«ደንበኛው አጣደፈው» የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል፤ ቀላልም አይደለም። እስኪደርቅ የሚጠበቅ በር ቦታ ይይዛል፣ ክፍያም ያዘገያል። የዕለት እንጀራውን በዕለት ሥራው ለሚያገኝ ሰው ትዕግሥት ዋጋ ታስከፍላለች። ስለሆነም የሚያሠራው ሰው ሥራ የማይታይባቸውን የጥበቃ ቀናት ዋጋ ለመጋራት መፍቀድ ይገባዋል። ነገር ግን ጥድፊያው አናጢውን ከመናገር ነጻ አያወጣውም። «ዘይቱ ገና ነው፤ ዛሬ ከተቀባ ይላጣል» ብሎ ካስታወቀ ምርጫው የሁለቱ ይሆናል፤ ሳያስታውቅ ከቀባ ግን የሌላውን ሰው ምርጫ ነጥቋል።

መሸፈን በራሱ ነውር አለመሆኑን የአገራችን ሥዕል ይመሰክራል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደነበረው እንደ ፍሬ ጽዮን ያሉ ሠዓልያን ቅዱሳት ሥዕላትን በእንጨት ገበታ ላይ ሲሥሉ፣ ከቀለሙ በፊት ገበታውን በነጭ ጄሶ ይለብጡ ነበር። ተመልካች ያን ልባጥ አያየውም፤ ሥዕሉ ግን የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

እንግዲህ ሐቀኛ ሽፋን ከሥሩ ያለውን ጠብቆ የሚያቆይ፣ ከእርሱም ጋር የተዋሐደ ነው። የእንጨት ሠሪው ክብር የሚለካውም ማንም በማያይለት ሥራ፣ ማለትም ከመጀመሪያው የቀለም ብሩሽ በፊት በሚያልፉት ጸጥተኛ ቀናት ነው።