ባልንጀራህን ጠይቀው

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ በአንድ ወንበር ተቀምጣችሁ የተማራችሁት፥ አንድ እንጀራ የተካፈላችሁት ባልንጀራህ ዛሬ ሌባ ተብሎ ቢጠራ ምን ታደርጋለህ? አላውቀውም ትላለህን? ወይስ ወዳጄ ነውና ብለህ በደሉን ትሸፍንለታለህ? ሁለቱም መንገድ ክፉ እንደ ሆነ ከራሴ ውድቀት ተምሬአለሁና አድምጠኝ።

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ ከተማ ከእኔ ጋራ የተማረ አንድ ባልንጀራ ነበረኝ። በሒሳብ ከሁላችን ይበልጥ ነበር፤ እኔ ስሳሳትም በስውር ያርመኝ ነበር እንጂ በሰው ፊት አያሳፍረኝም ነበር። ካደግን በኋላ ወደ ንግድ ገባ። የጨርጨር ምድር ቡናና ጫት የሚያበቅል፥ ወደ ሐረር የሚወስደውም መንገድ የሚያልፍበት ነውና፥ በቅን ለሚሠራ ሰው እንጀራ አለው፤ ለሚቸኵል ሰው ግን ወጥመድ አለው።

አንድ ሌሊት ያ ባልንጀራዬ ሁለት ጆንያ ቡና በአህያ ጭኖ ወደ ቤቴ መጣና «እስከ ነገ ወዲያ አስቀምጥልኝ» አለኝ። ልቤ ጠረጠረ፤ አፌ ግን ዝም አለ። ብጠይቀው እውነቱን እሰማለሁ፤ ከሰማሁም እንቢ ማለት ግድ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ይህንንም ፍርሀቴን ፍቅር ብዬ ጠራሁት።

ከጥቂት ወር በኋላ በሌላ ስርቆት ተይዞ፥ እጁን ታስሮ በገበያ መካከል ሲያልፍ አየሁት። አጠገቤ የቆመ ሰው «ታውቀዋለህን?» ቢለኝ «አላውቀውም» አልሁ። ዶሮ አልጮኸም፤ እኔ ግን ጴጥሮስን አሰብሁ።

ሦስት ወር ሙሉ ከልቤ ጋራ ስታገል ቈይቼ እንጀራ ቋጥሬ ወደ ወኅኒ ቤት ሄድሁ። አልወቀሰኝም። «ያን ሌሊት ‹ከየት አመጣኸው?› ትለኛለህ ብዬ መንገዱን ሁሉ ስፈራ መጣሁ፤ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር፤ ዝም ባልኸኝ ጊዜ ግን ነገሩ ቀላል መሰለኝ» አለኝ። ቡናው የአንዲት መበለት ነበረ። ወደ እርስዋ ሄጄ በቤቴ ማደሩን ተናዘዝሁ፤ ለፖሊስም ተናገርሁ፤ ዋጋውንም ከደመወዜ በየወሩ ከፈልሁ። ገንዘቡን ተቀበለች፤ እጄን ግን አልጨበጠችም። እኔም ይገባኛል አልሁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ እርሱ ራሱ እስረኛ ሳለ ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና ሲጽፍ፥ በደሉ ከንቱ ነው አላለም፤ ዕዳ ቢኖርበት በእርሱ ላይ እንዲቈጠር ለመነ እንጂ። ደግሞ በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ሙሴ ጸሊም አስቀድሞ የወንበዶች አለቃ ነበረ፤ ተመልሶም መነኵሴ ሆነ። በበደለ ወንድም ላይ እንዲፈርድ በተጠራ ጊዜ በቀዳዳ ዘንቢል አሸዋ ተሸክሞ እንደ መጣ ይነገራል፤ የራሱ ኀጢአት ከኋላው ሲፈስስ እንደማያየው ሊያስረዳ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በደልን አይሸፍንም፤ በዳዩንም አይንቅም።

እንግዲህ በጭሮ፥ በሒርና፥ በገለምሶ፥ በበዴሳና በሚኤሶ የምትኖር ወንድሜ ሆይ፤ በቋንቋችን «ጠየቀ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ እንዳለው አስተውል። ባልንጀራህ በድንገት ሲበለጥግ ብታይ «ከየት አገኘኸው?» ብለህ ለብቻው ጠይቀው፤ ያን ጊዜ ቢቈጣህም ታገሠው። የሰረቀውን በቤትህ አታኑር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግም እያወቀ የሚቀበለውንና የሚሸሽገውን ይቀጣልና። ቢታሰር ደግሞ ሄደህ ጠይቀው። ጌታችን በፍርድ ቀን የታሰረውን መጠየቃችንን ለራሱ እንደ ተደረገ ይቈጥረዋልና።

በመጀመሪያው ጊዜ ሳትጠይቀው ቀርተህ እንደ ሆነ፥ ሁለተኛው አሁንም አለልህ። ዛሬ ተነሥና ሂድ።