ቃልና ዋስ

የሰው ልጅ የእጁንና የአእምሮውን ሥራ የሚተካ የሚመስል አዲስ መሣሪያ ባየ ጊዜ ሁሉ ልቡ በሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን ድካሜን ያቃልልልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ በሌላው ወገን እንጀራዬን ይወስድብኛል፥ ክብሬንም ያሳንስብኛል ብሎ ይሠጋል። በዘመናችን ይህን ተስፋና ይህን ሥጋት ከሌላው ሁሉ አብልጦ የቀሰቀሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ ነው። ጥበቡ በዚህ ስም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ በዳርትመዝ ኮሌጅ በተደረገው ጉባኤ ሲሆን፥ በተራው ሰው እጅ በሰፊው የገባው ግን በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ቻትጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ነው።

ይህ መሣሪያ ስፍር ቍጥር የሌለው ጽሑፍ ከመረመረ በኋላ፥ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በስሌት እየገመተ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ሲሳሳትም በዚያው በጣፈጠ አነጋገር፥ ያለ አንዳች ማመንታት ይሳሳታል።

ተራው ሰው ከዚህ መሣሪያ የሚጠብቀው ተስፋ ከንቱ አይደለም። ጽሕፈት የማያውቅ ባለጉዳይ በፍርድ ቤት ደጅ ለማመልከቻ ጸሐፊ ገንዘብ ከፍሎ አቤቱታውን ያስጽፋል፤ የተጻፈው ነገር እርሱ የተናገረው ይሁን አይሁን ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ድምፁን ሰምቶ የሚጽፍለትና መልሶ የሚያነብለት መሣሪያ ቢያገኝ ለእርሱ ትልቅ ነጻነት ነው። ዐይነ ሥውሩ ተማሪ መጽሐፉ በድምፅ ሲነበብለት፥ ብዙ ተማሪዎች የያዘው መምህርም መልመጃ የሚያዘጋጅለት ረዳት ሲያገኝ እንደዚሁ ነው።

ሥጋቱም ቢሆን ከንቱ አይደለም። ተርጓሚውና ጽሕፈት ሠራተኛው ነገ የማይፈለጉ እንዳይሆኑ ይፈራሉ። ወላጅ ልጁ ሳያስብ መልስ መቀበልን ለምዶ አእምሮው እንዳይሰንፍ ይጨነቃል። በባዕድ አገር የሚኖር ልጅም የእናቱን ድምፅ አስመስሎ ገንዘብ ላክልኝ የሚል አታላይ እንዳይደውልለት ይሠጋል፤ ድምፅን እንደዚህ አድርጎ መቅዳት ዛሬ የሚቻል ሆኗልና።

ነገር ግን እነዚህን ሥጋቶች አንድ በአንድ የመረመረ ሰው ከሁሉም በታች አንድ ጥያቄ ተቀብሮ ያገኛል። ይኸውም፥ «መሣሪያው ለሚናገረው ቃል ዋሱ ማን ነው?» የሚለው ነው።

በአገራችን ሰው ሲበደር፥ ሲካሰስ ወይም ሥራ ሲቀጠር ዋስ ጥራ መባሉ የቈየ ሥርዓት ነው። ዋስ ማለት «ይህ ሰው ቢያጐድል እኔ እገኛለሁ» ብሎ ሀብቱንና ስሙን በሌላው ሰው ቃል ላይ የሚያሲዝ ነው። ከዚህ ሥርዓት የምንማረው ቃል ክብደት የሚያገኘው ከተናጋሪው ብልኀት ሳይሆን፥ ተናጋሪው ስለ ቃሉ ሊያጣው ከሚችለው ነገር መሆኑን ነው። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። መሣሪያው ግን የሚያሲዘው ሀብት፥ የሚያፍርበት ፊት፥ የሚጸጸትበት ሕሊና የለውም። ብልኅ ሊሆን ይችላል፤ ዋስ ግን ሊሆን አይችልም።

ዋስ የሌለው ቃል የሚያመጣውን ጉዳት በሁለት ጉዳዮች ማየት ይቻላል። በ2023 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አንድ ጠበቃ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎችን ጠቀሰ፤ ውሳኔዎቹን የፈጠረው ቻትጂፒቲ ነበር። ጠበቃው ውሳኔዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን መልሶ የጠየቀው ያንኑ መሣሪያ ነው፤ እርሱም እውነተኛ ናቸው ብሎ አረጋገጠለት። ዳኛው በመሣሪያ መረዳት በራሱ ነውር እንዳልሆነ ገልጸው፥ የሚቀርበውን ነገር የማጣራት ግዴታ ግን የጠበቃው ስለ ሆነ የ5,000 ዶላር መቀጮ ወሰኑ። ይህ ፍርድ ዋስነትን ወደ ሰው የመለሰ ነው።

ሁለተኛው የከፋ ነው። በኔዘርላንድ የግብር መሥሪያ ቤቱ ለሕፃናት መዋያ የሚሰጠውን ድጎማ ሲቆጣጠር፥ አጠራጣሪውን ማመልከቻ የሚለይ የስሌት መሣሪያ ይጠቀም ነበር፤ የአገሩ ዜጋ አለመሆንም እንደ መጠርጠሪያ ይቈጠር ነበር። ፋይሉን ለሚመረምረው ሠራተኛ መሣሪያው ለምን እንደ ጠረጠረ አይገለጥለትም። በመሥሪያ ቤቱ ጭካኔና በመሣሪያው ጥርጣሬ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው አታላዮች ተብለው ከባድ ዕዳ ተጫነባቸው። በመጨረሻም ነገሩ ተገልጦ በጥር ወር 2021 ዓ.ም. የአገሪቱ መንግሥት ከሥልጣን ወረደ። ወላጁ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰው ያጣባቸው እነዚያ ዓመታት ግን አልተመለሱም።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ፥ «ሰውስ አይሳሳትም ወይ? ሰውስ አያዳላም ወይ? መሣሪያው የሚሳሳተው ከሰው ያነሰ ቢሆን ምን ትላለህ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው መሳሳቱም ሆነ ማዳላቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሰው ሲያጠፋ ይግባኝ ይባልበታል፥ ይከሰሳል፥ ይገሠጻል፥ ይቅርታም ይጠይቃል። በመሣሪያው ስሕተት የተጐዳ ሰው ከፊቱ የሚቆም ሰው ካጣ፥ ስሕተቱ አንድ ብቻ እንኳ ቢሆን ለእርሱ ፍርድ የሌለበት አገር ሆነበት ማለት ነው። ከዚህም በላይ በአማርኛ ተጽፎ በኮምፒዩተር የሚገኘው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ መሣሪያው በቋንቋችን ሲጠየቅ ስሕተቱ ይበዛል። ስለዚህ ዋስ የመሆኑ ሸክም በእኛ ላይ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሹሙ ደብዳቤውን መሣሪያው ቢያረቅለት ነውር የለበትም፤ ረቂቅ ከጥንት ጀምሮ በጸሐፊ እጅ ይሠራ ነበርና። ፊርማውን የሚያኖረው ግን አንብቦና መርምሮ፥ «ስለዚህ ነገር እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ መሆን ይገባዋል። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት «ሲስተሙ እምቢ አለ» የሚል መልስ መስማት ተለምዷል፤ ይህ አነጋገር ከኔዘርላንዱ በደል ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ተማሪውም መሣሪያው የጻፈለትን ድርሰት በስሙ ሲያቀርብ ለማያውቀው ሰው ዋስ ሆነ ማለት ነው፤ መምህሩ «ይህን ለምን አልህ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ የሚመልሰው ያጣል። ስለዚህ መምህር ጽሑፉን ከማረም አልፎ ጸሐፊውን በቃል ሊጠይቀው ይገባል።

ይህ አስተያየት እንጀራው ለተነካበት ተርጓሚ ምሳ እንደማይሆነው አይካድም። ይሁን እንጂ የእርሱም ጉዳይ ከዚሁ ሕግ አይወጣም፤ ከመሣሪያው የሚጠቀም መሥሪያ ቤትም ሆነ ባለሀብት በመሣሪያው ምክንያት ለሚጐዳው ሠራተኛ ሌላ ሙያ እንዲማር የመርዳት ዕዳ አለበት። ትርፉን ለብቻ ወስዶ ጉዳቱን «የዘመኑ ነገር ነው» ማለት ከዋስነት መሸሽ ነው።

ማስተዋል ማለት መልስ ማግኘት ብቻ ሳይሆን መልሱ በሰው ላይ የሚያመጣውን መመዘን ነው። መሣሪያው መልሱን ይስጠን፤ ሚዛኑንና ዋስነቱን ግን ለማንም አሳልፈን አንስጥ።