በር ላይ የሚቀር ቋንቋ

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከእንግሊዝኛ በስተቀር በሌላ ቋንቋ መናገር ክልክል ነው የሚለው ደንብ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይነበባል፤ ባልተጻፈበትም በመምህራን ልማድ ውስጥ ጸንቶ ይኖራል። ላይ ላዩን ሲታይ ጉዳዩ የማስተማር ዘዴ ብቻ ይመስላል። ዘዴ ደግሞ የባለሙያ ድርሻ ስለሆነ፣ ውጤቱ እንጂ አግባብነቱ አይጠየቅም ተብሎ ይታለፋል። ይሁንና አንድ ቋንቋ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ፣ አፍህን የፈታህበትን ቋንቋ በር ላይ ጥለህ ግባ ማለት ዝም በል ማለት ነው። የሰውን አንደበት የሚዘጋ ትእዛዝ፣ አዛዡ መምህር ታዛዡም ሕፃን ቢሆን፣ በቂ ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል። እንግዲህ መመርመር ያለበት ምክንያቱ ከየት እንደመጣና ማንን እንደሚጠቅም ነው።

ደንቡ ዕድሜው ያን ያህል ረጅም አይደለም። ማክሲሚልያን በርሊትስ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ፣ በፕሮቪደንስ ከተማ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከፈተ። እንደሚተረከው፣ በርሊትስ ታምሞ ሲተኛ ተክቶት የገባው ፈረንሳዊ ረዳት አንዲትም የእንግሊዝኛ ቃል አያውቅም ነበር፤ ስለዚህም በምልክትና በፈረንሳይኛ ብቻ አስተማረ። በርሊትስ ከሕመሙ ሲመለስ ተማሪዎቹ በፈረንሳይኛ ሲነጋገሩ አገኛቸው ይባላል። ታሪኩ እውነት ይሁን ማስታወቂያ፣ ትርጉሙ አይለወጥም፤ የተማሪውን ቋንቋ ለማያውቅ መምህር አለማወቁ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ብቃት ሆነለት። እ.ኤ.አ. በ1961 በኡጋንዳ፣ በማከሬሬ በተደረገው የኮመንዌልዝ ጉባኤ የተንጸባረቀውን አስተሳሰብ ሮበርት ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ በአምስት ነጥቦች ጨምቆ አቅርቦታል፦ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ፤ ከሁሉ የሚሻለው መምህር የተወለደበት ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይበጃል፤ በብዛት ሲሰጥ ይበጃል፤ ሌላ ቋንቋ ሲገባ ደረጃው ይወድቃል። ፊሊፕሰን አምስቱንም ስሕተት ናቸው ሲል ተችቷል። ያም ሆኖ በብዙ አገሮች እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲሠራባቸው ኖረዋል።

ዘዴው ወደ ቅጣት ሲሻገር ምን እንደሚመስል ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው የመጣጥፍ መጽሐፍ መዝግቦታል። በቅኝ ግዛት ዘመን በኬንያ፣ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ኪኩዩ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይገረፍ፣ ወይም ደንቆሮነቱን የሚናገር ጽሑፍ ያለበት ብረት በአንገቱ ይንጠለጠልበት ነበር። ነገሩ የተጀመረውም በአፍሪካ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ የብሪታንያ አካል በሆነችው በዌልስ፣ በዌልስኛ የተናገረ ተማሪ አንገት ላይ ቁራጭ እንጨት ይታሰር ነበር። ልጁ ሌላ ጥፋተኛ ሲያገኝ እንጨቱን ለእሱ ያስተላልፋል፤ በመጨረሻ እጁ ላይ የተገኘበት ይቀጣል። ጓደኛ ጓደኛውን እንዲሰልል ያደረገ ትምህርት፣ ከእንግሊዝኛ አስቀድሞ ምን እንዳስተማረ ግልጽ ነው።

የሚገርመው፣ ዛሬ በቋንቋ ማስተማር ዓለም ብዙ የሚነገርለት አቅጣጫ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከዌልስ መሆኑ ነው። ኬን ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ ተማሪው በአንዱ ቋንቋ ያነበበውን ወይም የሰማውን በሌላው እንዲናገረውና እንዲጽፈው የሚያደርገውን አሠራር ሰየመው፤ በእንግሊዝኛው ትራንስላንጉዌጂንግ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ኦፊሊያ ጋርሲያ አስፋፋችው። ጋይ ኩክም እ.ኤ.አ. በ2010 ትርጉም ወደ ክፍል ይመለስ ሲል ተሟገተ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የገነነው የተግባቦት ዘዴ ቋንቋ የሚለመደው በመናገር ነው ማለቱ ትክክል ነበር፤ ገና ቋንቋውን ያልያዘ ልጅ በምን እንደሚናገር ግን ብዙም አልተጨነቀበትም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ ግኝት ሊሆን አይገባም። በጎጃምና በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ግዕዝ እንዴት ሲሰጥ እንደኖረ ማስታወስ ይበቃል። በግዕዝ አፉን የፈታ ሰው ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኗል። የተወለደበት መምህር ካልመጣ ቋንቋ አይለመድም ቢባል ኖሮ፣ ቅኔ ቤቱ ገና ድሮ በተዘጋ ነበር። ተማሪው ግን ግሡን ከአማርኛ ፍቺው ጋር ያጠናል፤ አገባቡ በአማርኛ ይተነተንለታል፤ ከዚያም ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ በግዕዝ ይቀኛል። የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ ቢያቀርብ አያስመሰግነውም፤ ከእሱ የሚጠበቀው ትናንት ያልተነገረ ነው። ያዘጋጀውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤት የሰበረውን፣ ምስጢር የጎደለውን ያርምለታል። ጉባኤ ቤት ሁሉ ገነት ነበር ለማለት አይደለም፤ ረሃቡም ዱላውም የታወቀ ነው። ነገር ግን አማርኛው የግዕዝ ጠላት ነው ያለ የቅኔ መምህር አይታወቅም።

ከዚህ ጉባኤ ወደ ፕላዝማው ክፍል መሻገር ያሳዝናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች፣ ሁለተኛ ደረጃን ለእንግሊዝኛ ሰጠ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ ትምህርቶች በሳተላይት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይተላለፉ ጀመር። ዓላማው አይናቅም፤ በገጠር ያለው ተማሪ የከተማው ጓደኛው የሚያገኘውን ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ሆኖም በመስኮቱ የሚታየው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ቆሞ ራሱ ይመልሳል። ተማሪው መመለሱን አያውቅም፣ አለመግባቱንም አያይም። በክፍሉ የቆመው መምህር የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ቀሩት። በነዚያ ደቂቃዎች ብዙ መምህራን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ያለፈውን ይፈቱ ነበር። በደንቡ ዓይን ጥፋት የሆነው ይህ ፍቺ ትምህርቱን ከሞት ያተረፈ ሥራ ነበር።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም ወረርሽኙም አለበት። ሁሉን በቋንቋ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን በኬሚስትሪ የወደቀው ልጅ የወደቀው በኬሚስትሪው ነው ወይስ በጥያቄው እንግሊዝኛ? የመልስ ወረቀቱ ይህን አይለይም፤ ያልለየውን ግን የልጁ አእምሮ ልክ ነው ብሎ ይመዘግበዋል።

በተቃራኒው የሚነሣው ክርክር ቀላል አይደለም። ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ ለማይሰማ የገጠር ልጅ፣ መምህሩ ክፍለ ጊዜውን በአማርኛ ቢጨርሰው ሌላ የሚሰማበት ስፍራ የለውም። እንግሊዝኛ የዩኒቨርሲቲ በር እስከሆነ ድረስ፣ ቋንቋውን ለድኻ ልጅ መንፈግም በደል ነው። ልጆቻቸውን በውድ የግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ እያስተማሩ፣ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ክብር በአዳራሽ የሚናገሩ ሰዎች መኖራቸውም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ መለየት ያለበት በቋንቋው የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ነው። መምህሩ የራሱን የእንግሊዝኛ ድካም የሚሸፍንበት አማርኛ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ወደ እንግሊዝኛው የሚሻገርበት አማርኛ ሌላ ነው።

በዚህም ላይ አማርኛ ራሱ ለብዙዎች ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ድሬዳዋ ላይ በአንድ ክፍል ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ተናጋሪ ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ። እንግሊዝኛን በአማርኛ ብቻ የሚፈታ መምህር ለአንዱ በር ሲከፍት በሁለቱ ላይ ይዘጋል። ሦስቱንም እንዲያውቅ መጠየቅ አይቻልም። የሚቻለው፣ ልጆቹ ያነበቡትን እንግሊዝኛ በየቋንቋቸው ዐሥር ደቂቃ እንዲመክሩበት ትቶ፣ የደረሱበትን በእንግሊዝኛ እንዲናገሩ መጠየቅ ነው። ያ ዐሥር ደቂቃ ለመምህሩ ከባድ ነው፤ የማይሰማውን ቋንቋ ማመን አለበትና።